እስትንፋስ ተኩል

እሑድ ከሰዓት፣ ባሪ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ሲኞራ ኦርሶላ ሾርባዋን ጠጥታ ስታንቀላፋ፣
ኤቴሪ ስልኳን በስኳር ዕቃው አስደግፋ፣
የወጥ ቤቱን በር በክርኗ ገፋ አርጋ
ትደውላለች፣ ድምፅ ፍለጋ።

እህቷ ማክቫላ ትቀድማለች፣ ከሳሎኒካ፣
የሰው ደረጃ ስትወለውል ውላ፣
የጎማ ጓንቷን ገና ሳታወልቅ።
ቀጥሎ አምብሮሲ፣ ታላቅ ወንድማቸው፣
ከጆርጂያ፣ ከጉሪያ ኮረብታ ሥር፤
ግማሽ ግንባሩና የጣሪያው አምፖል ብቻ ነው የሚታያቸው፤
ስልክ አያያዝ፣ ስንቴ ቢመከር፣ ስንቴ ቢነገር!

የአገራቸው ዘፈን ለሦስት ሰው ሸክም ነው የተሰፈረ፤
ጩኸት ብቻ ይሆናል አንዱ ትከሻ ከቀረ።
ኤቴሪ ከቆጡ፣ ማክቫላ ከመሐል፣
አምብሮሲ ከታች እንደ ምሰሶ ይቆማል።

መሥመሩ ግን ይዘገያል።
አምብሮሲ «ኦ» ብሎ ከጉሪያ የላከው
ባሪ የሚደርሰው
እስትንፋስ ተኩል ቆይቶ ነው።
ኤቴሪ ስትጠብቀው ማክቫላ ታልፋታለች፣
ማክቫላ ልታርም ስትመለስ ኤቴሪ ጀምራለች፤
ሦስት ጨዋ ሰው አንድ በር ላይ ተገናኝተው
«እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ» ሲባባሉ
ድግሱ እንዳለቀባቸው።

አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ተላተሙ።
መላው የመጣ ከማን ነው? ከዚያው፣ ከግማሽ ግንባር፦
«ወይን ስንለቅም በሦስት ዛፍ ላይ ተሰቅለን አልነበር?
ነፋሱ ሲወስደው ማን ማንን ሰማ?
እኔን አትስሙኝ፤ ድምፄን እዘጋለሁ፤
እናንተም ዝጉ።
ሁሉም የራሱን ይያዝ፤ እኔ ከታች አለሁ።»

ከዚያ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ፣
ሦስት አፍ ይከፈታል፣ በሦስት አገር፣ በዝምታ።
እህትማማቾቹ ከንፈር ለከንፈር ይተያያሉ፤
የአምብሮሲ አፍ አይታይም፣
በቅንድቡ ይቆጥራሉ።
ሙሉውን ዘፈን
አንድም ሰው ሰምቶት አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ፣
ከበሩ ወዲያ፣
የልጆቿን ስም የረሳችው ሲኞራ ኦርሶላ
አልጋዋ ላይ ሆና ታንጎራጉር ጀመር፣
ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከኤቴሪ ድምፅ ሥር።
ልክ አልነበረም።
የጉሪያም አልነበር።
ኤቴሪ አላረመቻትም፤
መዝፈኗንም አላቋረጠች፤
በሩን በክርኗ፣
ከዚያ የስልኩን ድምፅ በአውራ ጣቷ ከፈተች።

እስትንፋስ ተኩል።

ግንባሩ ተሸበሸበ፤ አምፖሉ ተወዛወዘ።
«ማን ነው የገባው?» አለ አምብሮሲ፣
«ከታች በኩል?»