የአመል መዝገብ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ቦዬ ፓምፕ ቤት ውስጥ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣ ሲወቅጥ፣
ኮምፒውተሩ ዝም። ስክሪኑ ላይ ያለው
አንድ መስመር ብቻ፦ «ማንም ግድ አላለው።
መስመር ዐሥራ አንድን ዘግቼዋለሁ» ይላል፤
ከዚያ ወዲያ ላለው ጆሮውን ደፍኗል።

ሸምሲያ እባላለሁ፣ የውሃ ቢሮ ሠራተኛ፣
ሦስት ሌሊት አለፈኝ ዐይኔ ሳይተኛ።
ጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው ታንከር
ሲጎድል፣ ሲሞላ፣ አለው የሚናገር፤
ካርዱ ያንኳኳል፦ «ውሃው ወረደ»
ብሎ በሽቦ። ከርነሉ ግን ሄደ
ወደ ሌላ በር።

ካርታው አሳስቶት። ቦርዱን የሠራው ሰው፣
ፋብሪካው የት እንደሁ፣ ማን እንዳስቸኮለው፣
«ጥሪው በዐሥር ይመጣል» ብሎ ጽፎ ሄዷል፤
ሽቦው ግን እውነቱን በዐሥራ አንድ ሰዷል።
ከርነሉ በዐሥር በር ጆሮውን ደግኖ፣
ካርዱ በዐሥራ አንድ እጁ እስኪዝል ለምኖ፣
መቶ ሺህ አንኳኩቶ ያልተከፈተለት
እንደ ረባሽ ታየ፤ ተቀረቀረበት።

ከታች በመንቲና ጀሪካን ተሰልፏል፣
ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፤ ሌሊቱ ተጋምሷል፤
ከዝናብ ሥር ቆሞ ውሃ የሚጠብቅ ሰው
ስልኬን ያጮኸዋል፤ እኔም አላነሳው።

ቦርዱን ልቀይር አልኩ፤ በጀቱ አልቋል አሉ።
ባዮሱን ላድስ አልኩ፤ ሠሪዎቹ የሉ፣
ድርጅቱ ከስሮ ስሙም ተሽጧል።
ካርዱን በሌላ ጎን ብሰካው ያው ተቀምጧል
ዐሥራ አንድ ላይ።
ጥሪ መጠበቁን ትቶ
በየቅጽበቱ ይጠይቅ ብል፣ ማሽኑ እንደ ወሬኛ ጎረቤት
ከበር በር ሲል ሌላ ሥራ መሥራት አቃተው።

«ዛሬም ያው ነው?» አለ አባ ዲጋ፣ ዘበኛው። «ያው» አልኩት። ሳቀ፤
ውሃ የጠገበ ካፖርቱን አወለቀ።
«እኛ ሰፈር» አለ፣ «ሄርማታ፣ ከወንዙ ማዶ፣
የኔና የነሙነራ ቤት በአንድ ቁጥር ተጋምዶ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ የነሱን ሒሳብ ከፈልኩ።
እኔ ባንድ ባልዲ ስታጠብ፣ እነሱ መኪና ያጥባሉ።
ቁጥሩ ይቀየር ብል፣ ቀበሌ፣ ማዘጋጃ፤
አንዱ ‹ሌላው ጋ ሂድ› ሲል፣ ሌላው ‹እንጃ›።
ኋላ ቆጣሪ አንባቢው፣ ታጁ የሚሉት ልጅ፣
ቆርቆሮው ላይ ያለውን አልፋቀም በእጅ፤
ደብተሩ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ጻፈ እንጂ፦
‹አቮካዶ ያለበት ሰማያዊ ደጅ
ዐሥራ አንድ ቢልም፣ ዐሥራ አንድ አይደለም።›
ከዚያ ወዲህ በሰው ውሃ ከፍዬ አላውቅም።»

ከርነሉም አለው እንዲህ ያለ ደብተር፣
ጉደኛ ቦርድ ሁሉ የሚዘረዘር፦
ይህኛው ሰዓቱን ሲጠየቅ ይዋሻል፣
ያኛው አንዴ ከተኛ መንቃት ይረሳል።
«አመል ያወጣል ከመሐል» ይባላል ባገሬ፤
እዚህ ግን መዝገቡ ያስገባል። እኔም ዛሬ
ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ስምህ ይህ ከሆነ፣ ካርታህን አላምንም፤
ዐሥር ስትል ዐሥራ አንድ እሰማለሁ፤ ግን አላባርርህም።

አጠናቀርኩ። አርባ ደቂቃ። ማሽኑ ጠፍቶ በራ።
የጥሪ ቆጣሪው ዜሮ። ዜሮ። አንድ። ሰባት። ፓምፑ አጓራ።

እርግጠኛ አይደለሁም። ነገ ሌላ ካርድ
ይህንኑ መስመር ቢጋራ፣ ይጣሉ ይሆናል።
ኅዳጉ ላይ ይህንንም ጻፍኩ።

ስልኬን አየሁ፤ ሃያ ስድስት ያላነሳሁት ጥሪ፣
ዐሥራ ዘጠኙ ከአንድ ቁጥር።
ሊነጋ ሲል ደወልኩ።
«ማነው?» አለች አንዲት ሴት፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ።
«ከውሃ ቢሮ» አልኳት።
ዝም አለች። ከዚያ እግሯን ሰማሁ፣ ከዚያ
ቧንቧ ሲዞር፤
መጀመሪያ አየር ብቻ ነበር።