ስም አጥፊዋ

ቅጠል በባርኔጣው ይዞ መጣ ኦስካር፣ ከሰሜኑ መንደር፣
ከሳሬማ ደሴት፣ ከድንጋይና ከጥድ ምድር።
«ምች ነው» አለ፣ «ዝናብ ላይ የወጣ ፀሐይ መታው፤
አባቴም ይል ነበር፣ ፖሙን ምች በላው።»

ሳልሜ ዝም አለች።
ቅጠሉን ገልብጣ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ ሆዱን አየች።
ከላይ ብርቱካናማ ነጥብ፣ ከሥር ቀንድ መሳይ ጸጉር።
«ምች» አለችው «ቀንድ አያበቅል፤ ይህ ዋግ ነው፣ የሚዘር።»

እኔ ያኔ አሥራ ስድስቴ፣ ፖስታ አጣፊዋ ነበርሁ፣
ከአሮጌ ጋዜጣ ለየቅጠሉ ቤት እየሠራሁ፣
ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዛፉን በእርሳስ እየጻፍሁ።
ፈንገስ ማለት ዳቦ ላይ ያለ ሻጋታ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤
እሷ ናት ያሳየችኝ፣ አንድ ዓይኔን አስጨፍና፣ በመስታወቱ በር፣
ወርቃማ ኳስ፣ እሾሃም ኳስ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣
አንዱን ከአንዱ የምትለየው በግድግዳው ውፍረት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለዋግ ግን
ማን መልአክ ይወርዳል? እሷው ነበረች የምትሰይመን፣
ጣቷ ቀለም የጠጣ፣ የቀሚሷ ኪስ የተቀደደ።
ከጥድ ግንድ ላይ፣ በሚያዝያ ዝናብ፣ እንደ ማር አብጦ የወረደ፣
እንደ ምላስ የተንጠለጠለ፣ ማንም ያልጠራው ነበረ፤
በወንድሟ ጠራችው፣ በኢልማር፣ በረዶ ከድቶት ባሕር በቀረ።
በላቲን ጫፉን አስረዝማ፣ «ኢልማሪ» አለችው።

እናቷ ሦስት ቀን አላናገሯትም።
«ለበሽታ ነው የልጄ ስም?»
«ለጽጌረዳ ስም ሰጪ ሞልቷል» አለች፣ «ጽጌረዳ ይረግፋል።
ይህ ግን፣ እማዬ፣ በረዶውን ያልፋል።»

የፖሙ ዋግ ስም ነበረው። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ቄስ፣
ሪጋ አጠገብ የኖረ፣ ሰይሞት ነበር ከቀብር ሲመለስ።
ሁለት ስም፣ ሁለት መሳቢያ፣ የማይተዋወቁ።
ሳልሜ ግን እንቅልፍ አጣች። የታመሙትን ፖሞች በካርታ ስትቆጥር፣
ጥድ የሌለው አንድም የለ፣ ወይ ከጓሮ ወይ ከአጥር።

አራት የፖም ችግኝ፣ በመስታወት ክዳን ሥር።
ሁለቱን የጥዱን ማር ቀባች፣ ሁለቱን ተወች።
ውሃ አጠጪው እኔ፣ ቀን ቆጣሪው እኔ።
በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቁርስ በፊት፣ ነጥብ፦
ቢጫ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል፣
በተቀቡት ብቻ።
ቆማ አየች። ቆማ ቆየች።
«አንድ ናቸው» አለች። ቀጥሎ፣ በቀስታ፣ «ወይ ኢልማር» አለች።

ሕጉ ይህ ነው፦ ለአንድ ፍጡር አንድ ስም፤ የቀደመው ይጸናል፣
የኋለኛው ዝቅ ብሎ ከሥሩ ይቀመጣል።
«ተይው» አልኳት፣ «ከዚህ ደሴት ማን ያያል?
ዝም ብትይስ?»
«ፖሙ ያውቃል።»

ስም ማጥፋት ኃጢአት ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያማ፤
እኔ ግን ያየኋት ስም አጥፊ፣ መብራቷን አብርታ፣ በጨለማ፣
የገዛ ሟቿን ነው፣ በማስመሪያ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣
ከቄሱ ቃል ሥር አውርዳ፣ በደቃቅ ጽሕፈት ስታስቀምጥ፣
ከፊቱም ሁለት አጫጭር መስመር፦ እኩል ይሆናል።

ኦስካር ጥዱን እያጉረመረመ ቆረጠ፣ ዓሣ አጨሰበት።
በሦስተኛው ዓመት አንድ ከረጢት ፖም አመጣ፣ ንጹሕ፣ ነጥብ የሌለበት።
ስለ ዋግ አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ሲያወራ የዋለው ስለ ዋጋ ነበር።

እናቷ ሊሞቱ ሲሉ እኔን ጠሩ፦ «የኢልማር ያ ነገር፣ አለ?»
«አለ» አልኳቸው። አልዋሸሁም። ዝናብ ሲመጣ ያብጣል።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፣
መቃብር ላለው።
ኢልማር የለውም፤ ከአንድ መስመር በታች ይውላል፣
መዝገብ በታተመ ቁጥር፣ በትንሽ ፊደል።

ትናንት ያን ፖስታ ከፈትኩ። የእርሳሱ ጽሕፈት የኔ ነው፣ የልጅ።
አውራ ጣቴን ብርቱካናማ ትቢያ ነካው።
እጄን ሳልታጠብ እራት በላሁ።