ርክክብ

ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህን መጋዘን ቁልፍ ይዣለሁ፤
የገባ ሁሉ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ሲገባ አይቻለሁ፤
የወጣውም በሃያ ሁለት ወጥቷል፣
ጠመኔ ቢሆን መጥረጊያ ቢሆን ፊርማዬን አግኝቷል።

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ፣
ግቢያችን ተዳፋት ነው፤ ያመለጠች ኳስ ተመልሳ አትታይ።
ካጥሩ ማዶ ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል፣
የከሰዓቱን ፀሐይ ይቀበልና ወደኛ ይመልሳል፤
ስድስተኛ "ለ"፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣
ደብተር ለማራገቢያ ነው እንጂ አይውልም ለሌላ።

ችግኝማ ተክለናል፤ ማን እንደኛ!
ሐምሌ በገባ ቁጥር ባነር ይሰቀላል፣
ቲሸርት ይታደላል፣
(ብዛት መቶ ሃያ፣ ወጪ በሞዴል ሃያ ሁለት፣)
ፎቶ እንነሳለን። መስከረም፣ ጥቅምት፣
ጥር ላይ አንድ ደረቅ እንጨት።
ለከርሞ ጉድጓድ መቆፈር አያሻም፤
ያው ጉድጓድ አለ፣ አፉን ከፍቶ፣ እኛን አይረሳም።
አንዴ ብቆጥር በአንዲቱ ብቻ ሰባት ጥድ ቀብረናል፤
ድንኳን አልተከልንም፤ ችግኝ ግን ተክለናል።

አምና ኅዳር አንዲት ልጅ በሬን አንኳኳች፤
ሲፈን ትባላለች፣ ሰባተኛ "ሀ"። "ጀሪካን አለዎት?" አለች።
"ለምን?"
"ከሮቶው ሥር ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤
በደቂቃ መቶ ሃያ ጠብታ፤ እሑድም አያርፍም፣ ሌሊትም ይሠራል።"
ደብተሯን ገለጠችልኝ። አባዝታለች፣ አካፍላለች፣
በሁለት ቀን አንድ ጀሪካን፤ ከሥሩ ሁለቴ አስምራለች።

ያንን ቧንቧ አውቀዋለሁ። ይጠገን ብዬ
ሦስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቼ፣ ማኅተም አስመትቼ፤
ግልባጩም ፋይል ውስጥ አለ።
ጠብታውን ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ማንስ ውሃ ነው አለ?

ቢጫውን ሰጠኋት፣ ባለ ሃያ ሊትር፣ እጀታው የተሰነጠቀ፤
ተማሪ ናትና በስሜ ወጣ፤ ሕጉም ተጠበቀ።

ከሰልፍ በፊት፣ እሷና ናኦድ የሚሉት ቀበጥ
በመጥረጊያ እንጨት አንጠልጥለውት፣ ግማሹ እግራቸው ላይ ሲገለበጥ፣
ያችን ሰባት የበላች ጉድጓድ ያጠጣሉ።
ስምንተኛዋ ወይራ ነበረች።
ጥር መጣ፤ ደረቅ እንጨት ጠበቅሁ፤
አንድ ቅጠል አወጣች። ለማንም አልተናገርሁም፤ ግን ሄጄ ደግሜ አየሁ።

ሚያዝያ ላይ፣ ደብዳቤው አራት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ጥገና መጣ፤
ባለሙያው አንዲት ጎማ ቀየረና ሻይ ጠጥቶ ወጣ።
ቧንቧው ዝም አለ። ደስ ሊለን ሲገባ
ናኦድ ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆመ፣ ዓይኑን ሞልቶት ዕንባ።
"አሁን ምን ትጠጣ?"
ሲፈን አልመለሰችም። በምሳ ሰዓት ገንዳው ዳር ቆማ
እጁን የሚታጠበውን ሁሉ ትቆጥራለች፣ በለሆሳስ፣ ለራሷ ብቻ እንዲሰማ።
በማግስቱ፣ "የተቆረጠ ቱቦ የለዎትም?" አለች።
ነበረኝ፤ ከሚወገድ ንብረት፤ ሕጉ ኮሚቴ ይላል።
ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፤
ዞር ስል ቱቦውም የለም፣ ልጅቷም የለች።

ዘንድሮ ሰኔ ሠላሳ ጡረታ እወጣለሁ፤ ርክክብ ላይ ነን።
አዲሱ ልጅ ይጠራል፦ ዴስክ፣ ሁለት መቶ አርባ፣ ያገለገለ፤
ሉል፣ አንድ፣ የተሰበረ፤
ጀሪካን፣ ቢጫ፣ አንድ። "የታለች?"
ወደ ግቢው ይዤው ሄድኩ።
ወይራዋ ጉልበቴ ደርሳለች፤
ጥላዋ ቢለካ አንድ ጫማ፣ እሱም የሕፃን ጫማ፣ ትሸፍናለች።
አልዋሽም፤ ስድስተኛ "ለ" ዛሬም ደብተሩን ያራግባል፣
መስታወቱም ይነዳል።

መዝገቡ ላይ አንድ ረድፍ ጨመርኩ።
ወይራ። ብዛት፣ አንድ። ነጠላ ዋጋ፣ አለፍኩት።
"ሁኔታ" በሚለው ዓምድ ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍኩት
አዲስ፣ ያገለገለ፣ የተሰበረ ነው።
እጄ ቆም አለ፤
ከዚያ "ጸድቃለች" ብዬ ፈረምኩበት።