ከምቱ በፊት

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ወር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካው የድሮ ስብሰባ ቤት፣
የተሰበረው መስኮት ቁራጭ ሱፍ ተወትፎበት፣
አሥራ አራት ሰው ተቀምጧል፣ በካፖርት፣ በጋቢ፤
ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ሴሎ፣ ከፖሊስ ማርሽ ባንድ የተዋስነው ትራምፔት ነፊ።
ፒያኖም አለ፤ ጥርሱ የወለቀ፣
ከ"ላ" ቀጥሎ ያለው ነጩ ከክረምት ወዲህ ዝም ብሎ የደረቀ።

"ሌኒንግራድ፣" ይላል ጋሽ ወሰንየለህ፣
"ለክፍሉ ሁለት ፒያኖ ነበር፣ ኦርኬስትራ የሚሆንልህ፤
እጅህ ሲሳሳት ፒያኖዎቹ አብረው ይሳሳታሉ፣
'አንተ ያልከንን ነው የተጫወትነው' ይላሉ።"

አምስት ዓመት ተምሮ፣ ዲፕሎምና ቀጭን ዘንግ ይዞ መጣ፤
ዘንጉን የሚያይለት ኦርኬስትራ ግን ከየት ይምጣ?
ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ መጋዘን ብርድ ልብስ ቆጠረ፤
ግራጫው፣ ቡናማው፣ ባለ ቀይ ጥለቱ፣ ሁሉም በእጁ አደረ።
ዘንጉ የት እንደደረሰ ጠይቀነው አናውቅም፤
የሚያስተምረን በመዝገብ እርሳስ ነው፣ ከጆሮው አትርቅም።

አንድ በአንድ ወጣን።
ከፊቼ የመጣው ገመቹ እጆቹን ዘረጋ፤
ጋሼ ግን፦ "አየሩ ምን በደለህ፣ በጥፊ የምታላጋ?"
ትርንጎ ከመሐል ሜዳ፣ ዐይኗ ከኖታው ላይ ተሰፍቶ፤
"ወረቀት ትራምፔት አይነፋም፤ ሰውየውን እይው፣ ይጠብቅሻል ከንፈሩን አዘጋጅቶ።"

የኔ ተራ ደረሰ።
ሁለት እጆቼን እንደ ተሰጣ ልብስ ሰቀልኳቸው፤
ስጥላቸው አሥራ አራቱም ገቡ፣ ግን በአሥራ አራት በር፣ በየልባቸው።
"ይሾ ራዝ!" አለ። እንደገና ማለት ነው በሩሲያ፤
የሰፈር ልጅ እንኳ ሲያልፍ ይጠራዋል በዚያ።
ይሾ ራዝ። ገቡ። ይሾ ራዝ። ተበተኑ።
ስድስቴ። ሰባቴ። ጣቶቼ፣ ከብርዱ ይሁን ከሀፍረቱ፣ እንጨት ሆኑ።

ከዚያ ተነሣ፤ ከጥግ ግራጫ ብርድ ልብስ አመጣ፣
ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ጠቀለለኝ፣ እጄ እንዳይወጣ፤
ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ያዘው፣ እንደሚላክ ዕቃ።
ክላሪኔቱ ሳቀ። ሴሎው ሳቀ። እኔ ለማልቀስ ጥቂት ቀረኝ፣ በቃ።

"አሁን ጀምሪ።"
"በምኔ?"
"ምቱንማ የሽመና ማሽኑም ይመታዋል፤ አያስፈልግሽም፤
ከምቱ በፊት ያለችውን ስጪያቸው። ሌላ ሥራ የለሽም።"

ቆምኩ።
ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው።
ነፊው የትራምፔቱን አፍ በብብቱ ያሞቃል፤
የሴሎው ሌባ ጣት በፕላስተር ተጠቅልሏል፤
ሁለተኛዋ ቫዮሊን ነፍሰ ጡር ናት፤ እስከዛሬ አላወቅሁም፤
ቀስቷን ከሆዷ አርቃ ይዛ ታየኛለች፤ ዐይኗን አልሰበረችም።

አየሩን ሳብኩ፤ በደረቴ፣ በታሰረው ክንዴ፣
የጥር ውርጭ እንደ ምላጭ ወረደ እስከ ሆዴ፤
ስመልሰው ከአፌ ነጭ ጉም ወጣ፣
ሳይበተን ከአሥራ አራት አፍ አሥራ አራት ጉም መጣ፣
ድምፁም ከጉሙ ሥር፤
በአንድ በር።

አራት መስመር ሄድን። የወለቀው ጥርስ ጋ ስንደርስ ተደናቀፍን፤
ፒያኒስቱ እንጨቱን መታ፤ ቋ! አለ፤ አለፍን።

ጋሼን ፈለግሁት። መስኮቱ ጋ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣
የተወተፈውን ሱፍ ይነካካል፣ እርሳሱ ከጆሮው ወጥቶ፤
ቀኝ እጁ ብቻዋን፣ እንዲህ ትንሽ፣ ከጎኑ ተነሥታ፣
ምንም ሳትመታ።
"ይሾ ራዝ" አለ፣ ሳይዞር።

ማታ ወደ ጠባሴ ስወርድ እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ፤
ውሾቹ የዳቦ ቤቱን ሙቅ ግንብ ተጠግተው ሰፈሩ።
የነገን ገጽ በልቤ ገልጬ፣ ቀና ብዬ አየር ሳብኩ፤
ከፊቴ ባጃጅ ሲጢጥ አለ፤ ክው ብዬ ቆምኩ።
"ወዴት ነሽ?" አለኝ።
አልጠራሁትም። እጄንም አላነሣሁም።
ገባሁ።