ሃያ አንድ ዲግሪ

በኪራዩ ዘመን፣ ምድር ቤት ሳለን፣
ማሞቂያው ሲሰበር፣ ካፖርት ደራርበን
ሌሊት ጸልየናል፣ እስኪያልበን።

ዛሬ ኤድመንተን ላይ አዳራሹ የኛ፤
ዕዳው ያለቀ ለት፣ የሌሊት ጸሎቱ አብሮ ተኛ።

አንዱ በረደኝ ሲል፣ አንዷ አፈነኝ ስትል፣
ኮሚቴ ሦስት ወር መከረበት በውል፤
ሃያ አንድ ላይ ቆለፈው፤ አይሞቅ፣ አይበርድ፤
ማንም አይንዘፈዘፍ፣ ማንም አይነድ።

እሁድ፣ ስብከት መሐል፣ በሩ ተንኳኳ።
ዲያቆን መርዕድ በካሜራ አየና
«ኮዱን አያውቅም» አለ።
እንደገና ተንኳኳ።

እትዬ አስካለ ብቻ፣
ያን ካፖርት እስካሁን ያላወለቀች፣
ተነሥታ ከፈተች።

በረዶ የለበሰ ሰው ደፉን ረገጠ።
ሃያ... ዐሥራ ዘጠኝ...
ጉባኤው በሙሉ ዞሮ አፈጠጠ፤
ሰውየው ላይ አይደለም፤
ግድግዳው ላይ፣ ቁጥሩ ላይ።