አሥር ሚሊግራም

አራድ ሦስተኛ ፎቅ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
የበረሃው ንፋስ መስኮቱን ሲወጋ፣
ሰባት ቤት ያለውን ሣጥኑን ከፍቼ
የአባቴን ሳምንት ሞላሁ መብራት አብርቼ።
ለእሑድ አንድ ፍሬ፣ ለሰኞም አንድ ፍሬ፣
ማክሰኞን ዘልዬ ተመለስሁ ቆጥሬ።
(እኔም አልታመንም፤ አምሳን አልፌያለሁ፣
ቁልፌን ማቀዝቀዣ ውስጥ አግኝቻለሁ።)

ጠርሙሱን የሸጠችልኝ ከታች ያለችው ላሪሳ፣
«ለአንጎል ነው፣ ለማስታወስ» አለች ዋጋውን ሳታነሣ።
በደቃቅ ዕብራይስጥ ሆዱ ላይ ተጽፏል፦
ዚንክ አሥር ሚሊግራም፣ መዳብ ከዚያ ያንሳል፣
ሴሌኒየም የትንኝ ክንፍ፣ ማንጋኒዝ የትንኝ ጥላ፤
እንዴት ብዬ በዚህ ቁንጣሪ ያን ሁሉ ጉድለት ልሙላ?
የቁፓት ሆሊሙ ሐኪም ትከሻውን ነቀነቀ፦
«አይጎዳም» አለኝ። መርዳቱን አልጠየቅሁም፣ እሱም አላወቀ።

አባቴ ጀንበሩ ቀጥቃጭ ነበር፣ ባለ እጅ።
ከወንዝ ማዶ ያሉት ማረሻ ሊያሠሩ ቀን ይሰለፋሉ በደጅ፣
ማታ ስሙን ሲያነሡ ልጆቻቸውን ይሸሽጋሉ፤
ቡዳ ነው ይላሉ፤ በማጭዱ ግን አጭደው ይበላሉ።
ብረትን በቀለሙ ያውቃል፦ የበርበሬ ቅላት ገና ነው፣
ብርቱካን ሲመስል መዶሻ፣ ነጭ ከሆነ አለፈው።
ውኃ አጠጥቶ፣ በጥፍሩ መትቶ፣ ድምፁን ሲጠብቀው
ይሰበር አይሰበር ሳያየው ያውቀው።

ያ ስንት ኩንታል ብረት የቀጠቀጠ ክንድ
ዛሬ የሚታዘዘው ለሚሊግራም ነው፣ ለፍሬ አንድ።

ከቁርስ በፊት ሰጠሁት።
አልዋጠም።
እንክብሉን በሁለት ጥፍር ከፈለው፣
ዱቄቱን መዳፉ ላይ አፍስሶ አሸተተው፣
በምላሱ ጫፍ ነካ አድርጎ ተፋው።
«ይሄ እሳት አላየም» አለኝ። «ማነው የሸጠልሽ?
እሳት ያላየ ማዕድን ምን ያስታውሳል፣ ደግነሽ?»

ደግነሽ እኔ አይደለሁም። ደግነሽ እኅቱ ነበረች፣
ወናፍ የምታናፋለት፣ ሱዳን ድንበር ላይ የቀረች።
እኔ ትርንጎ ነኝ፤ በመታወቂያዬ ኦርና፤
ሁለት ስም አለኝ፣ አንዱንም አላገኘውም ገና።

ልነግረው አልሁ። ተውሁት።
የደም ግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠመጠምሁት።
ጥቁሯን የላስቲክ ኳስ ጨብጬ ስጫናት
አየሯ ሽው አለች፤ ጆሮው ሰማት።
ቀና አለ። ትከሻው ሰፋ።
«አናፊ» አለኝ። «ቀስ ብለሽ። ፍሙን አታስፈራሪው።
አንቺ ትንፋሽ ስጪው፣ የቀረውን ለሱ ተዪው።
ማረሻው የቢያድጎ ነው፣ መጥረቢያው የአይቸው፣
ሁለቱ ማጭዶች የጥሩሰው ናቸው፤
ሦስት ቁና ገብስ ሰጠችኝ፣ አንድ ቁና ይቀራታል፣
አልጠይቃትም፤ ባሏ በቀደም ሞቷል።»

አናፋሁ።
አናፋሁ።
መርፌው መቶ ስድሳን አልፎ ሄደ፣ እኔ የማየው ፊቱን ነበር፤
ከእጄ ስር ቀላ፣ ብርቱካን መሰለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ ወደ ነበር።

ላሪሳ ትጠይቀኛለች፦ «ለውጥ አለው?»
«አለው» እላለሁ። ሌላ ጠርሙስ እገዛለሁ።
ዱቄቱን ከምንጣፉ ላይ በየማለዳው እጠርጋለሁ።
ኳሷን ግን ወደ መሳቢያ አልመለስኋትም፤
ከሐኪሙ በቀር ማንም አልጠየቀኝም፣ ለሱም አልነገርሁትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ከተማው ጫፍ ይዤው እወጣለሁ፣
ክንዱን በክንዴ፣ በትሩን በእጄ።
ታች፣ ሩቅ፣ ከገደሎቹ ሥር፣
የሙት ባሕር ዳርቻ በጨው ነጭቷል።
ማዕድን የሚነጠርበት ነው ብዬ አሳየዋለሁ።
ዓይኑን አጥብቦ ብዙ ያያል።
«አመድ ነው» ይለኛል።
«ማነው ያጠፋው?»