ሁለት መሳቢያ

የምሠራው ምድር ቤት ነው፣ ቧንቧው ከሚያለቅስበት፣
ማስረጃ ክፍል ይሉታል፤ ሟች በቁጥር ከሚጠራበት።
ቢላ፣ ስልክ፣ ነጠላ ጫማ፣ ነጭ ዱቄት በከረጢት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሸግሁ፣ ቀን ጻፍሁ፣ ፈረምሁበት።

አርባ አንድ ቁጥር መሳቢያ ውስጥ አለች አንዲት ቀለህ፤
ቀላል ናት፣ መዳፍህ ላይ ብትጥላት ሳንቲም ትላለህ።
ከኮርቢን ስሎን አጠገብ፣ በረዶ ላይ የተገኘች፣
ነዳጅ ማደያው ኋላ፣ ገና ሳትቀዘቅዝ የተለቀመች።
ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኪሱ ውስጥ አሥራ አራት ክኒን።
ጋዜጣው "የዕፅ ጉዳይ ነው" ብሎ ዘጋው በዚያኑ ቀን።

እናቱ ኔልዳ አልዘጋችም።
ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች፣ ከሆስፒታል ልብስ አጥባ፣
እጇ በረኪና እየሸተተ፣ በጓሮው በር ገብታ።
"አለ ነገር?"
"የለም።"
ስንት ጊዜ እንዳልሁት ከእኔ ይልቅ ደረጃው ያውቀዋል።

መርማሪያችን አንድ ሰው ነው፣ ሮይስ ታኬት፤
መኪናው አንድ ዓይና፣ ወር ሲጋመስ ነዳጅ የላት።
ላቦራቶሪው "ተራ ጠብቁ" ካለን አሥራ ስምንት ወር አልፏል።

ከወንዙ ማዶ ሎውሪ ካውንቲ ነው።
እኛ ድልድዩ ላይ ብናስነጥስ "ይማርህ" የሚሉት እነሱ ናቸው፤
መዝገብ ግን አንዋዋስም። ሸሪፋቸውና ሸሪፋችን
በአንድ አዳኝ ውሻ ሰበብ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው።
ሻጩ እዚህ ይሸጣል፣ እዚያ ተሻግሮ ያድራል፤
ሌባ ተቃቅፎ ሲተኛ፣ ዘበኛ ተኳርፎ ያድራል።

አምና መጋቢት ላይ ከክልሉ መንግሥት ገንዘብ አለ ተባለ፣
አርባ ሁለት ገጽ ቅጽ ከኋላው አስከትሎ።
የሞላሁት እኔ ነኝ።
"የሚጠበቅ ውጤት" ይላል፤ ሣጥኑ ሁለት ጣት አይሞላም።
ኔልዳን እዚያ ላስገባት ሞከርሁ፣ እግሯ ውጭ ቀረ።
"የተባባሪ አካል ፊርማ" ይላል፤ ያለዚያ ቤሳ የለም።
ሁለቱ ሸሪፎች ድልድዩ መሃል፣ መኪናዬ ላይ ወረቀት ዘርግተው፣
ፈረሙ፤ ስለ ውሻው ሳይተነፍሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው።

ምን ተገዛ? ነዳጅ። አራት ጎማ። የሌሊት አበል።
ቀለህ የሚያስተያይ መሣሪያ ላይ የአንድ ከሰዓት ተራ።
በዚያ ከሰዓት የሎውሪ ስድስትና የእኔ አርባ አንድ
መስታወት ሥር ጎን ለጎን ተኙ፤ ጭረታቸው አንድ፣
የመምቻው ንክሻ አንድ።
አራት ዓመት፣ በአሥራ አንድ ማይል ርቀት፣
እህትማማች ነበሩ፤ ማንም ለማንም ሳይነግራት።

ደግሞ የሎውሪዋ ከረጢት ላይ ቀን ተጽፏል፤
ከኮርቢን ሞት አምስት ወር ይቀድማል።

ማክሰኞ መጣች። "አለ ነገር?"
"አለ" አልኋት፤ ወንበር ሳብሁላት።
የያዙትን ሰው ስም ነገርኋት። አላለቀሰችም። ዝም ብላ ቆይታ
"ሽጉጡ እጁ የገባው መቼ ነበር?" አለች፣ ጣቶቿን አፍተልትላ።
ቀን ጸሐፊ ነኝ እኔ፤ ስንቱን ቀን ሳልስት ጽፌ፣
ያችን አንዲቱን ለመጥራት ተሳሰረ አፌ።
እሷ ግን ከፊቴ ላይ አነበበችው።

በጀት ይሉታል። ማንን በጀ? ኮርቢንን አልበጀውም።
ገና ስሙን ለማላውቀው፣ ዛሬ ማታ ድልድዩን ለሚሻገረው፣
ይበጀው እንደሆን እንጃ።
ሰኔ ላይ ሪፖርት ጠየቁኝ። "የተያዘ ተጠርጣሪ ብዛት"፦ 1።
ሊተርፍ ይችል ለነበረው ሰው ሣጥን አልሠሩለትም።
ታች፣ ገጹ ግርጌ፦ "ድጎማው ይቀጥል? አዎ፣ አይደለም።"
"አዎ" ላይ ምልክት አደረግሁ። ብዕሩ ወረቀቱን በሳው፤
ጠረጴዛው ላይ አሁንም አለ፣ በጣት ይዳሰሳል።